ከባድ ኒውክለሶች ሲዋሃዱ፦ ከደብረ ማርቆስ የተጻፈ የስሌት ሥራ ማስታወሻ

መስከረም 2017 ዓ.ም. — የሥራው አከፋፈል

ይህ መዝገብ ሁለት ከባድ ኒውክለሶች ተጋጭተው እጅግ ከባድ ንጥረ ነገር የመፍጠር ዕድላቸውን በላፕቶፕ ለማስላት የያዝሁትን ሥራ ደረጃ በደረጃ የሚያስቀምጥ ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ አክስለሬተር (ኒውክለሶችን አፍጥኖ የሚያጋጭ መሣሪያ) የለም፤ ሆኖም በዱብና (ሩሲያ)፣ በዳርምሽታት (ጀርመን)፣ በሪኬን (ጃፓን) እና በበርክሌይ (አሜሪካ) ቤተ ሙከራዎች የተለኩት ውጤቶች ታትመው የሚገኙ ስለሆኑ፣ ቀመሩን ራሴ ጽፌ ከእነርሱ ጋር ለማመሳከር የሚያግደኝ ነገር የለም።

ስሌቱ የሦስት ነገሮች ብዜት ነው። የመጀመሪያው ተወርዋሪው ኒውክለስ የኩሎምን መሰናክል (የፕሮቶኖቹን የኤሌክትሪክ መገፋፋት) አልፎ ከኢላማው ጋር የመያያዝ ዕድል ነው። ሁለተኛው የተያያዙት ሁለቱ ሳይለያዩ ወደ አንድ ውሁድ ኒውክለስ የመለወጥ ዕድል ነው። ሦስተኛው ያ ውሁድ ኒውክለስ፣ ግጭቱ ስላሞቀው፣ ለሁለት ከመሰንጠቁ በፊት ጥቂት ኒውትሮኖችን አትንኖ የመትረፍ ዕድል ነው። የመጨረሻው ክሮስ ሴክሽን (የመፈጠር ዕድሉ መለኪያ) የሚገኘው ሦስቱን ለእያንዳንዱ የአንግል ሞመንተም (የመሽከርከር መጠን) ዋጋ አባዝቶ በመደመር ነው።

መሣሪያዬ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ሊኑክስ፣ የፓይተን ቋንቋ እና የሒሳብ መሣሪያው ናምፓይ ናቸው። ለማመሳከሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 ሃጊኖ፣ ራውሊ እና ክሩፓ ያሳተሙትን፣ የኒውክለሶችን ውህደት የሚያሰላ የፎርትራን ፕሮግራም አውርጃለሁ። የኒውክለሶችን ክብደት የያዘው ሠንጠረዥ ተራ የጽሑፍ ፋይል በመሆኑ በስልክ ኢንተርኔት ለማውረድ አላስቸገረም። ትልቁ ወጪ ከባሕር ዳር ያስመጣሁት ተጨማሪ ራም ሲሆን፣ የወር ደመወዜን ሲሶ ወስዷል።

ጥቅምት — በኦክስጅን እና በእርሳስ መፈተሽ

በቀጥታ ወደ እጅግ ከባዶቹ መሄድ አልፈለግሁም። በሞዴሉ ውስጥ ሦስቱም ክፍሎች እኩል አጠራጣሪ ከሆኑ፣ ልዩነት ሲታይ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለተኛው ክፍል ችግር የማይፈጥርበትን፣ ማለትም የተያያዘው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚዋሃድበትን ግጭት መረጥሁ፤ ይኸውም ኦክስጅን 16 ከእርሳስ 208 ጋር ነው (ቁጥሩ የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር ነው)። የዚህ ግጭት ክሮስ ሴክሽን በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በከፍተኛ ጥራት ተለክቷል፤ መሰናክሉም 74.5 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የኢነርጂ መለኪያ፤ ከዚህ በኋላ ሜ.ኤ.ቮ.) ገደማ ነው።

የመጀመሪያው ስሌት አንድ መሰናክል ብቻ ወስዶ፣ ጫፉን በፓራቦላ ተክቶ፣ የማለፍ ዕድልን በሂል እና ዊለር ቀመር የሚያሰላ ነበር። ከመሰናክሉ በላይ ባለው ኢነርጂ ውጤቱ ከልኬቱ ጋር ተቀራረበ። ከመሰናክሉ በታች ግን ልኬቱ ከስሌቱ በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ እየራቀ ሄደ። ለዚህ ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ኒውክለሶቹ ደረቅ ኳሶች አይደሉም፤ ሲቀራረቡ ይርገበገባሉ። እርሳስ 208 በ2.615 ሜ.ኤ.ቮ. ላይ ያለው የመርገብገብ ደረጃ ከግጭቱ ጋር ሲጣመር አንዱ መሰናክል ወደ ብዙ መሰናክሎች ይከፈላል፤ ከእነርሱም ዝቅተኞቹ በአነስተኛ ኢነርጂ ለሚመጣው ተወርዋሪ በር ይከፍታሉ።

ከዚያ በኋላ ፓራቦላውን ትቼ የሽሮዲንገርን እኩልታ (የኳንተም መካኒክስን መሠረታዊ እኩልታ) በኑሜሮቭ ዘዴ፣ በ0.05 ፌምቶ ሜትር (አንዱ የሚሊ ሜትር ትሪሊዮንኛ ነው) እርምጃ መፍታት ጀመርሁ። የመርገብገብ ደረጃዎቹን ሳስገባ ከመሰናክሉ በታች የነበረው ክፍተት በአብዛኛው ተዘጋ። ውጤቱ ከፎርትራኑ ፕሮግራም ጋር መመሳሰሉን እስካይ ድረስ ወደሚቀጥለው አላለፍሁም።

አንድ ነገር ግን ሳይፈታ ቀርቷል። የውድስ ሳክሰን ፖቴንሻል (የኒውክለሶቹን መሳሳብ የሚገልጽ ቀመር) ጠርዝ ምን ያህል ቀስ ብሎ እንደሚሳሳ የሚገልጸው ቁጥር ከስካተሪንግ (ሳይዋሃዱ ተጋጭቶ የመበተን) ልኬት ሲወሰድ 0.63 ፌምቶ ሜትር አካባቢ ነው። ከመሰናክሉ በላይ ያለውን የውህደት ልኬት በትክክል ለማግኘት ግን ወደ 1 ፌምቶ ሜትር የተጠጋ ዋጋ መስጠት ያስፈልጋል። ይህ በሌሎች ተመራማሪዎችም ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የቆየ ጉዳይ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ዋጋዎች ይዤ ልዩነቱን እንደ እርግጠኝነት ወሰን ለመቁጠር ወሰንሁ።

ኅዳር — ካልሲየም 48 ከእርሳስ 208 ጋር

እዚህ የሁለቱ የፕሮቶን ቁጥሮች ብዜት 1640 ይሆናል። ይህ ብዜት 1600 አካባቢ ሲደርስ የተያያዘው ሁሉ የማይዋሃድበት ክልል ይጀምራል፤ ስለዚህ ግጭቱ ደጃፍ ላይ ያለ ነው።

ለፖቴንሻሉ መጀመሪያ የሞከርሁት እ.ኤ.አ. በ1977 ብሎኪ፣ ራንድሩፕ፣ ስቪያቴትስኪ እና ትሳንግ ያወጡትን የፕሮክሲሚቲ ቀመር ነው። የሰጠኝ መሰናክል 181 ሜ.ኤ.ቮ. ሲሆን ቦታውም 12.2 ፌምቶ ሜትር ላይ ነው። ከልኬት የሚገኘው አማካይ መሰናክል ግን ወደ 174 የሚጠጋ ነው። የአራት በመቶ ልዩነት በሌላ ሥራ ይታለፍ ይሆናል፤ እዚህ ግን ሰባት ሜ.ኤ.ቮ. ማለት ግጭቱ ይከሰታል ወይስ አይከሰትም የሚለውን የሚወስን መጠን ነው። ቀጥሎ የአኪዩዝ እና የዊንተርን ፖቴንሻል ስጠቀም መሰናክሉ ወደ 176.7 ወረደ፤ ቦታውም 12.5 ፌምቶ ሜትር ሆነ። የመርገብገብ ደረጃዎቹ ሲጨመሩ አማካዩ ወደ ልኬቱ የበለጠ ይጠጋል። ከዚህ በኋላ በሥራው ሁሉ ይህንኑ ይዣለሁ።

የኢነርጂ ሒሳቡም በጥሩ ሁኔታ ገጠመ። ከክብደት ሠንጠረዡ ሁለቱ ተዋህደው ኖቤሊየም 256 ሲሆኑ 153.8 ሜ.ኤ.ቮ. ይዋጣል። ስለዚህ ግጭቱ በመሰናክሉ አካባቢ ሲሆን ውሁዱ ኒውክለስ 22 ሜ.ኤ.ቮ. ገደማ ይዞ ይቀራል፤ ይህም ሁለት ኒውትሮን ለማትነን የሚበቃ ነው። በእውነትም ትልቁ ልኬት የሚገኘው በሁለት ኒውትሮን መንገድ፣ ኖቤሊየም 254 ሲፈጠር ሲሆን፣ መጠኑም በማይክሮባርን የሚቆጠር ነው (ባርን የክሮስ ሴክሽን መለኪያ ሲሆን፣ ማይክሮባርን ሚሊዮንኛው ነው)።

ታኅሣሥ — ዩራኒየም 238 እና ቅርጹ

ዩራኒየም 238 ክብ አይደለም፤ በአንድ አቅጣጫ የረዘመ ነው። ክብ አድርጌ ሳሰላው ከካልሲየም 48 ጋር ያለው መሰናክል 194 ሜ.ኤ.ቮ. ይሆናል። ቅርጹን ሳስገባ ግን ካልሲየሙ ከጫፍ ሲመጣ ወደ 182፣ ከጎን ሲመጣ ወደ 200 ሆነ። በአንድ ኢላማ ላይ በኒውክለሱ አቀማመጥ ብቻ የ18 ሜ.ኤ.ቮ. ልዩነት አለ ማለት ነው።

ለእኔ ከሥራው ሁሉ ደስ ያሰኘኝ ክፍል ይህ ነው። ከላይ ሲታይ ዝቅተኛው መሰናክል የተሻለ መንገድ ይመስላል። በዱብና በተደረጉት ሙከራዎች ግን ኮፐርኒሺየም 283 (112ኛው ንጥረ ነገር) በብዛት የተገኘው ውሁዱ 35 ሜ.ኤ.ቮ. አካባቢ ሲይዝ፣ ማለትም የግጭቱ ኢነርጂ 195 ሜ.ኤ.ቮ. ገደማ ሲሆን ነው፤ ይህ ደግሞ ለጎኑ መሰናክል የቀረበ ነው። ከጫፍ የሚመጣው ቶሎ ይነካል እንጂ የተፈጠረው ጥንድ ረጅም ስለሚሆን መልሶ ይለያያል፤ ከጎን የሚመጣው ዘግይቶ ይነካል፣ ጥንዱ ግን የታመቀ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍል ለብቻው አስልቶ በሁሉም አቅጣጫ ላይ አማካይ መውሰድና ከዚያ በአንድ ቁጥር ማባዛት ትክክል አይደለም፤ ሁለተኛው ክፍልም በአቅጣጫው ላይ ይመሠረታል።

በቴክኒክ በኩል ሁለት ነገሮች አስቸግረዋል። አንደኛው የፕሮግራሙ ፍጥነት ነው፤ ለእያንዳንዱ ኢነርጂ፣ አንግል ሞመንተም እና አቅጣጫ እኩልታውን መፍታት በተራ የፓይተን ዙር እጅግ ይዘገያል። ሒሳቡን በናምፓይ አደራደር በአንድ ጊዜ እንዲሄድ ሳደርግ ሌሊቱን ሁሉ ይወስድ የነበረው ሥራ ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ያልቃል። የላፕቶፑ ባትሪ ስለደከመ መብራት ሲጠፋ ስሌቱ እንዳይጠፋ በየኢነርጂው ውጤቱን ወደ ፋይል የሚጽፍ መስመር ጨምሬያለሁ። ሁለተኛው የፖቴንሻሉ ኪስ ነው፤ የኑሜሮቭ ስሌት የሚነሳው ከመሰናክሉ ውስጥ ካለው ዝቅተኛ ቦታ ሲሆን፣ አንግል ሞመንተም ሲጨምር ይህ ቦታ እየተሞላ ይሄድና ይጠፋል፤ በዚያን ጊዜ ፕሮግራሙ መነሻ ያጣል። ከፍተኛ አንግል ሞመንተም ያለው ውሁድ ወዲያው ስለሚሰነጠቅ ለመጨረሻው ውጤት አስተዋጽኦ የለውም፤ ስለዚህ ስሌቱን ቀድሜ አቆመዋለሁ። እስከ 20 ድረስ ያለውን ብቻ ብንወስድ፣ ሁሉም ቢያልፍ እንኳ በ195 ሜ.ኤ.ቮ. ክሮስ ሴክሽኑ ከ37 ሚሊባርን አይበልጥም። የእኔ ስሌት ወደ 20 ሚሊባርን ሰጥቷል።

ጥር እና የካቲት — መካከለኛው ክፍል

አብዛኛው ጊዜ የሄደው እዚህ ነው።

ሁለቱ ከተነካኩ በኋላ የሚሆነውን በሦስት ዓይነት መንገድ የሚገልጹ ሞዴሎች አሉ። አዳሚያን፣ አንቶኔንኮ እና ቮልኮቭ ያሳደጉት ሁለቱ ኒውክለሶች ማንነታቸውን ይዘው ፕሮቶንና ኒውትሮን አንድ በአንድ እንደሚተላለፉ ያስባል። ዛግሬባየቭ እና ግራይነር፣ እንዲሁም አሪቶሞ የተጠቀሙበት የላንዠቫን እኩልታ የጥንዱን ቅርጽ በግጭት ሰበቃና በዘፈቀደ ግፊት ሥር ይከታተላል። ስቪያቴትስኪ፣ ሲቬክ ቪልቺንስካ እና ቪልቺንስኪ ያወጡት ደግሞ ሁሉንም ወደ አንድ ውስጣዊ ኮረብታ አጠቃሎ፣ ጥንዱ በሙቀት መወዛወዝ ያንን ኮረብታ የመውጣት ዕድሉን በአንድ አጭር ቀመር ይሰጣል።

የላንዠቫኑን ሞከርሁት፤ ከብዙ መቶ ሺህ መንገዶች ውስጥ እጅግ ጥቂቶች ብቻ ስለሚዋሃዱ በዚህ ላፕቶፕ ላይ የስታቲስቲክስ ስሕተቱ ከውጤቱ ይበልጣል። ስለዚህ የመጨረሻውን መረጥሁ። ቀመሩ እንዲህ ነው፦ የኮረብታውን ከፍታ በሙቀቱ አካፍሎ ስኩዌር ሩት መውሰድ፣ የዚያን ኮምፕሊሜንታሪ ኤረር ፈንክሽን ማስላት፣ በመጨረሻም ለሁለት ማካፈል። ቀላል መሆኑ ግን አታላይ ነው። ሙቀቱ 1 ሜ.ኤ.ቮ. ሲሆን፣ ኮረብታው 6 ሜ.ኤ.ቮ. ከሆነ ዕድሉ ከአሥር ሺህ 2.7 ነው፤ 8 ከሆነ ከመቶ ሺህ 3.2፤ 10 ከሆነ ከሚሊዮን 4 ገደማ። የኮረብታው ከፍታ የሚወሰነው ጥንዱ ምን ያህል ተራርቆ ሳለ ኮረብታውን መውጣት እንደሚጀምር በሚገልጽ ርቀት ሲሆን፣ ይህ ርቀት ከመሠረታዊ ሕግ አይወጣም፤ ከልኬት ጋር ተስተካክሎ ይገባል።

አብሮኝ የሚያስተምር የሒሳብ መምህር ፕሮግራሙን ሲመለከት፣ «ይህ ቁጥር ነፃ ከሆነ ውጤትህን የፈለግኸው ቦታ ማድረስ ትችላለህ፤ ታዲያ ምኑን ፈተሽከው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የሥራውን ቀሪ ክፍል አቅጣጫ ለውጦታል።

መካከለኛውን ክፍል በቀጥታ መለካት ለምን እንደሚከብድ መረዳት ያስፈልጋል። ያልተዋሃደው ጥንድ ከ10 ዜፕቶ ሰከንድ (አንዱ የናኖ ሰከንድ ትሪሊዮንኛ ነው) ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊለያይ ይችላል፤ ይህም ክዋዚ ፊሽን ይባላል። ስብርባሪዎቹ ከእውነተኛው ፊሽን (ከተዋሃደው ኒውክለስ መሰንጠቅ) ስብርባሪዎች ጋር በከፊል ይደራረባሉ። በካልሲየም እና በዩራኒየም ግጭት ከባዱ ስብርባሪ ወደ እርሳስ 208 አካባቢ ሲያዘነብል ክዋዚ ፊሽን መሆኑ ይታወቃል፤ በእኩል የተከፈለው ግን ከየትኛው እንደመጣ አያስታውቅም። በካንቤራ፣ በዚያው በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ፣ የስብርባሪዎቹን ክብደትና የሚወጡበትን አቅጣጫ አንድ ላይ በመለካት ጊዜውን ገምተዋል። በእኔ ፍርድ ለዚህ ክፍል ከማንኛውም ቀመር ይበልጥ የሚታመነው እንዲህ ያለው ልኬት ነው።

መጋቢት — መትረፍ

ውሁዱ ኒውክለስ በእያንዳንዱ እርምጃ ወይ ኒውትሮን ያተናል ወይ ይሰነጠቃል። ለእጅግ ከባዶቹ፣ ኒውክለሱን እንደ ፈሳሽ ጠብታ ብቻ ብናየው የፊሽን መሰናክል ከዜሮ ብዙ አይርቅም፤ እንዳይሰነጠቅ የሚይዘው የሼል እርማቱ (ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች በደረጃ በመደርደራቸው የሚገኘው ተጨማሪ ጥንካሬ) ብቻ ነው። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይህ እርማት ይከስማል። የመክሰሙን ፍጥነት የሚገልጸው ቁጥር በኢግናቱክ ቀመር 18.5 ሜ.ኤ.ቮ. ነው፤ ሌሎች እስከ 25 የሚደርስ ዋጋ ሲጠቀሙ አይቻለሁ።

ሦስት ኒውትሮን ለሚያተን፣ በ33 ሜ.ኤ.ቮ. ለሚጀምር ኮፐርኒሺየም 286 ይህን ምርጫ ፈተሽሁ። የፊሽኑን መሰናክል 6 ሜ.ኤ.ቮ. አድርጌ፣ በየእርምጃው ሙቀቱ ከ1.07 ወደ 0.93፣ ከዚያም ወደ 0.77 ሜ.ኤ.ቮ. እንዲወርድ አድርጌ ሳሰላ፣ የመክሰሙን ቁጥር ከ18.5 ወደ 25 መለወጥ ብቻ የመትረፍን ዕድል በስምንት እጥፍ ያሳድገዋል። እርማቱ ጨርሶ አይከስምም ብዬ መሰናክሉን በ1 ሜ.ኤ.ቮ. ብቻ ከፍ ሳደርግ ደግሞ ልዩነቱ 27 እጥፍ ሆነ። የተለያዩ የክብደት ሞዴሎች ለአንድ ኒውክለስ የሚሰጡት የፊሽን መሰናክል ከ1 ሜ.ኤ.ቮ. በላይ የሚለያይባቸው ቦታዎች እንዳሉ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሚያዝያ — ሁለቱ ሲካካሱ

የሦስቱን ብዜት ከልኬት ጋር አገናኘሁ። በዱብና ለኮፐርኒሺየም 283 የተለካው 2.5 ፒኮባርን (የባርን ትሪሊዮንኛ) ገደማ ነው። የእኔ የመያያዝ ክሮስ ሴክሽን 20 ሚሊባርን ከሆነ፣ የመዋሃድና የመትረፍ ዕድሎች ብዜት ከአሥር ቢሊዮን አንድ አካባቢ መሆን አለበት። መዋሃድ ከሺህ አንድ ቢሆን መትረፍ ከአሥር ሚሊዮን አንድ ይሆናል፤ መዋሃድ ከመቶ ሺህ አንድ ቢሆን መትረፍም ከመቶ ሺህ አንድ ይሆናል። ልኬቱ ሁለቱንም እኩል ይቀበላል።

ይህን በራሴ ፕሮግራም በግልጽ አየሁት። የመክሰሙን ቁጥር ወደ 25 አሳድጌ መትረፍን በስምንት ካበዛሁ በኋላ፣ ውስጣዊውን ኮረብታ ከ8 ወደ 10 ሜ.ኤ.ቮ. ከፍ ሳደርገው መዋሃድ በስምንት ተካፈለና የመጨረሻው ቁጥር ወደ ነበረበት ተመለሰ። የታተሙት ሞዴሎች በመጨረሻው ክሮስ ሴክሽን ሲቀራረቡ በመዋሃድ ዕድል ግን በብዙ አሥር እጥፍ የሚለያዩትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ስለዚህ ስሌቴ ከልኬቱ ጋር ገጠመ ብዬ ብጽፍ የምናገረው ስለ ብዜቱ ብቻ ነው፤ ስለ ክፍሎቹ ምንም አላረጋገጥሁም።

የልኬቱም የራሱ ጠባይ ይህን ያባብሳል። 1 ፒኮባርን ምን ማለት እንደሆነ አሰላሁ፦ በስኩዌር ሴንቲ ሜትር 0.4 ሚሊ ግራም ዩራኒየም በተቀባ ኢላማ ላይ በሰከንድ 6.24 ትሪሊዮን ካልሲየም ቢያርፍ፣ በቀን የሚፈጠረው 0.55 አቶም ነው። ከተፈጠረውም መሣሪያው የሚይዘው ከፊሉን ብቻ ነው። የካልሲየም 48 ድርሻ ከተፈጥሮ ካልሲየም 0.187 በመቶ ብቻ መሆኑን ስናስብ እያንዳንዱ አቶም ምን ያህል ውድ እንደሆነ ይታያል። በሪኬን ዚንክ 70ን ከቢስመዝ 209 ጋር በማጋጨት ኒሆኒየም ሲፈልጉ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ያገኙት ሦስት አቶም ነው፤ ክሮስ ሴክሽኑም 22 ፌምቶባርን (የፒኮባርን ሺህኛ)። በሦስት አቶም የሚቆም ልኬት ላይ ሁለት ነፃ ቁጥሮችን ማስተካከል አይቻልም።

ግንቦት — አንድ ላይ ማሰር

መካካሱን ለመስበር የሞከርሁት ሁሉንም ግጭቶች በአንድ የቁጥሮች ስብስብ ማስላት ነው። ለካልሲየም 48 እና ለእርሳስ 208 መዋሃድ ገና ብዙ ስላልተገታ፣ ከዚያ የመትረፍን ክፍል ማስተካከል ይቻላል። ያንን አጽንቼ፣ በእርሳስ ኢላማ ላይ ወደሚቀጥሉት ከባድ ተወርዋሪዎች ወጣሁ፤ በአይረን 58 ሃሲየም በአሥሮች በሚቆጠር ፒኮባርን፣ በኒኬል 64 ዳርምሽታቲየም ወደ 15 ፒኮባርን፣ በዚንክ 70 ኮፐርኒሺየም ከ1 ፒኮባርን በታች ተለክቷል። ከኖቤሊየም ማይክሮባርን ተነስቶ እስከዚህ የሚወርደውን ቁልቁለት በአብዛኛው የሚወስነው መዋሃድ ነው። ኮረብታውን በዚህ መንገድ ስወስን ቁልቁለቱ በአምስት እጥፍ ወሰን ውስጥ ተገኘ፤ ከአንድ ነጥብ ጋር በትክክል ከመግጠም ይህን እመርጣለሁ።

ከዚያ ተመሳሳይ ቁጥሮችን ይዤ ወደ ቲታኒየም 50 ተሻገርሁ። ይህ የጊዜው ጥያቄ ነው፤ ከካሊፎርኒየም በላይ በቂ ኢላማ ስለማይገኝ፣ በካልሲየም 48 ከ118ኛው ንጥረ ነገር ከኦጋኔሶን ማለፍ አልተቻለም። በበርክሌይ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የተደረገው ሙከራ ቲታኒየም 50ን ከፕሉቶኒየም 244 ጋር አጋጭቶ በ22 ቀን ሁለት የሊቨርሞሪየም 290 አቶም አግኝቷል፤ ክሮስ ሴክሽኑ 0.44 ፒኮባርን ነው። የፕሮቶን ቁጥሮቹ ብዜት 2068 ሲሆን፣ ያንኑ ንጥረ ነገር በካልሲየምና በኪዩሪየም ሲሠሩ 1920 ነበር። የእኔ ስሌት ለቲታኒየሙ ከ0.1 እስከ 2 ፒኮባርን የሚዘረጋ ወሰን ሰጠ፤ ልኬቱ በመካከሉ ይወድቃል።

ለቲታኒየም 50 እና ለካሊፎርኒየም 249፣ ማለትም ለ120ኛው ንጥረ ነገር፣ ብዜቱ 2156 ይሆናል። ስሌቱን አስኬጄዋለሁ፤ ወሰኑ ግን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ ስለተዘረጋ አንድ ቁጥር መርጬ እዚህ አልጽፍም። የወሰኑ ትልቁ ድርሻ የመጣው ከፊሽን መሰናክሉ ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ደረጃ የክብደት ሠንጠረዡን በሌላ ሞዴል ተክቼ፣ ሌላውን ሁሉ ሳልነካ፣ ከኖቤሊየም ጀምሬ እንደገና አሰላለሁ።